ለረጃጅሞች የሚሆን ብስክሌት፦ ለዲሲና አካባቢው ልጆች ጥቆማ

ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 የሆነ ወንድማችን «የሚሆነኝን ብስክሌት ከየት ልግዛ? ክራንኩንስ (ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ) ላስረዝመው ወይ?» ብሎ ጠይቋል። እኔ የማንስህ በ2 ሴንቲ ነው፤ ስለዚህ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

የመጀመሪያዬን ከአንድ ትልቅ ሱቅ ገዛሁ። ፍሬሙ (የብስክሌቱ አካል) ልኩ 58 ነው። ሻጩ «ችግር የለም፣ ኮርቻውን ከፍ እናደርገዋለን» አለኝ። አደረገውም። የኮርቻው ቱቦ ላይ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ የሚል መስመር አለ፤ እሱ ራሱ ውጭ ወጥቶ ይታያል። መሪው ደግሞ ከኮርቻው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቀረ። ስነዳ ሳንቲም የጠፋበት ሰው ነበር የምመስለው። በወሩ አንገቴ አልዞር አለኝ።

ስለዚህ ከክራንኩ በፊት ፍሬሙ። ሱቅ ሳትሄድ እቤትህ ተለካ። ጫማህን አውልቀህ ግድግዳ ተደገፍ፤ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችህ መሃል አስገብተህ እስኪጠብቅ ወደ ላይ ሳበው። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት ለካ። የኔ 93 ሴንቲ ነው። በ0.883 ሲባዛ 82 ይመጣል። ክራንኩ ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ማለት ነው። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

60፣ 61 የሚለውን የፍሬም ቁጥር ብቻ አትመን፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። «ስታኩ ስንት ነው?» በል። የፍሬሙ ፊት ከክራንኩ መዞሪያ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚነግርህ እሱ ነው። ለኛ አንገትና ወገብ ወሳኙ ይኸው ነው።

አዲስ ከሆነ ሰርሊ ዲስክ ትራከር እስከ 64 አለው፤ ትሬክ ዶማኔ ደግሞ 62። ዶማኔው ቀለል ይላል፤ ሰርሊው ብረት ነው፣ ዕቃ ይጭናል። ኪስህን ካሰብክ ግን አርሊንግተን ፊኒክስ ባይክስ ሂድ። ያገለገለ አድሰው ይሸጣሉ፤ ገቢውም ለወጣቶች ፕሮግራም ነው። ትልልቅ የድሮ ብረት ፍሬም ብዙ ፈላጊ የለውም፤ ለአንዴ እንኳ ቁመት ጠቀመን። እጅህን ማቆሸሽ ካልጠላህ አሌክሳንድሪያ ቬሎሲቲ ኮኦፕ የሚባል የጋራ ብስክሌት መጠገኛ አለ፤ በነሱ መፍቻ ራስህ ትሠራለህ።

አሁን ወደ ክራንኩ። ሱቅ የምታገኘው ባብዛኛው ከ165 እስከ 175 ሚሊ ነው። በመጽሐፉ የለካኸውን የእግርህን ልክ በ0.216 አባዛ የሚል ቀመር አለ፤ ለኔ 200 ሚሊ ይሰጠኛል። እንዲህ ያለውን ኮሎራዶ ያለው ብስክሌት ሠሪ ዚን ይሠራል። ግን ሒሳቡን እየው። በ25 ሚሊ ብታስረዝም ኮርቻህን በ25 ታወርዳለህ። ፔዳሉ ደግሞ በ25 ከፍ ይላል። ስለዚህ ጉልበትህ በ50 ሚሊ ወደ ደረትህ ይቀርባል። ፔዳሉም ታች ለመሬት ይቀርብና ስትታጠፍ አስፋልት ይጭራል። ዚን ለረጅም ክራንክ ፍሬሙንም የክራንኩ መዞሪያ ከመሬት ከፍ እንዲል አድርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ክራንኩን ብቻ ገዝተህ ተራ ፍሬም ላይ አትግጠም።

«የብስክሌት ተወዳዳሪው ፖጋቻር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 165 ሚሊ ክራንክ ወርዷል፣ አሳጥር» የሚሉህም አይጠፉም። እሱ 1 ሜትር ከ76 ነው፤ የሚበላውም በዚያ ነው። እኔ በ175 ነው የምነዳው፤ ጉልበቴ ደህና ነው።

ባለሙያ ዘንድ ለመለካት የምትከፍል ከሆነ ሳትገዛ በፊት ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ሸርሊንግተን፣ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው የብስክሌት መንገድ መነሻው ላይ ነኝ። የኔን 63 ውጣና ሞክረው። መፍቻ ይዤ እመጣለሁ።