የሕፃን አልጋ ልንመርጥ ነው፤ በሜትር የሚለካውንና በእጅ የሚፈተሸውን ንገሩን

ሰባተኛ_ወር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ሊወለድ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የአልጋውን ነገር ግን እስካሁን አልቆረጥንም። አራት አማራጭ አለን። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ የእንጨት አልጋ መግዛት፤ ከእኛ አልጋ ጎን የሚታሰረውን ትንሹን አልጋ መግዛት፤ ዘመድ ሊሰጠን ያሰበውን ያገለገለ አልጋ መቀበል (አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ነው፤ እንጨቱ ደህና ነው፣ ጥቂት ብሎኖች ብቻ ጎድለውታል)፤ ወይም አናጢ ጋር ማሠራት። ክፍላችን ጠባብ ነው፤ ከአልጋችን ጎን የሚተርፈው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ጠንካራ ምረጡ» የሚለውን ምክር ጠግበናል። ምን ልለካ? ምኑን ልነቅንቅ? ፍራሹ ምን ያህል ይወፍር? ዙሪያውን የሚታሰረው ለስላሳ ትራስስ የግድ ነው?

ሜትር_ያዥ

እህቴ፣ ቀለሙንና ቅርጹን ለመጨረሻ አቆዪውና መጀመሪያ ክፍተቶቹን ለኪ። በሕፃን አልጋ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሕፃኑ የሚሾልክበት ወይም የሚሸጎጥበት ባዶ ቦታ ነው።

በሁለት ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት በአሜሪካ ደንብ ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ኢኤን 716 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ደግሞ ከ4.5 እስከ 6.5 ይፈቅዳል። ከ4.5 እስከ 6 ያለውን ከያዝሽ ሁለቱንም አሟላሽ። የላይኛው ወሰን የተቀመጠበት ምክንያት ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። የሕፃን ዳሌ ከጭንቅላቱ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ እግሩና ሰውነቱ ሾልኮ ይወጣና ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል፣ በአንገቱም ይንጠለጠላል። የታችኛው ወሰን ደግሞ ክንድና ጉልበት ገብቶ እንዳይቀረቀር ነው። ሜትር ካልያዝሽ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ሞክሪ፤ ወገቡ 6.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዘንጎቹ መካከል ካለፈ አልጋውን ተዪው። ጣሳው አላለፈም ማለት ግን አልጋው አለፈ ማለት አይደለም። ቀጭን ዘንግ ይለመጣልና ሁለቱን ዘንጎች በእጅሽ ፈልቀቅ አድርገሽ እንደገና ለኪ።

ጥልቀቱን ፍራሹ ከገባ በኋላ ነው የምትለኪው። ሱቅ ውስጥ ባዶውን ለክተው ቤት ሲደርሱ ወፍራም ፍራሽ የሚያስገቡ ሰዎች ጥልቀቱን ራሳቸው ያጠፉታል። ከፍራሹ ላይ እስከ ጎኑ ጫፍ፣ ርብራቡ (ፍራሹ የሚያርፍበት፣ ከፍ ዝቅ የሚደረገው ወለል) ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሲሆን ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲሆን ደግሞ ቢያንስ 20 መኖር አለበት።

ከዚያ ፍራሹን ወደ አንድ ጎን ገፍተሽ በተቃራኒው በኩል የተፈጠረውን ክፍተት እዪ። ከ3 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በእጅ ለሚሞክር፣ ሁለት ጣት ጎን ለጎን እንደ ልብ የሚገባ ከሆነ ፍራሹ ለአልጋው ትንሽ ነው። ፊቱ እዚያ ከገባ ሕፃኑ ራሱን ማውጣት አይችልም።

የማዕዘን ቋሚዎቹ ከጎኑ ጫፍ በላይ መውጣት የለባቸውም (የአሜሪካው ደንብ የሚታገሠው 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው)፤ ልብስ ይይዛሉ። በራስጌው ላይ ለጌጥ የተፈለፈለ ቀዳዳ ካለ ሌላ ፈልጊ። ጎን ለጎን የተጋደሙ እንጨቶችም ይቅሩ፤ ለሚቆም ልጅ መሰላል ናቸው።

ስለ ክፍላችሁ፦ 60 በ120 የሚባለው የፍራሹ ልክ ነው። የእንጨቱ ውፍረት ሲጨመር የውጪው ስፋት ከ65 ሊያልፍ ስለሚችል ከአልጋችሁ ጎን ካስገባችሁት መተላለፊያ አይተርፍም። በግርጌ በኩል 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳ ካለ እዚያ ይሻላል።

ብሎንና_ዳዶ

ሦስተኛውን አማራጭ ብቻ ልመልስ። አትቀበሉት። ዘመድ ይቀየም ይሆናል፤ ይቀየም።

ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ በአሜሪካ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ከሰኔ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ያገለገለውንም ይጨምራል። ሆቴሎችና የሕፃናት ማቆያዎች እስከ ታኅሣሥ 2012 ጊዜ ተሰጥቷቸው እነሱም አስወገዱት። ችግሩ ያለው ጎኑን በሚይዙት መያዣዎችና ሐዲዶች ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። በየቀኑ ከፍ ዝቅ ሲል ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል ወይም ይበላል፣ ከአራቱ መያዣዎች አንዱ ይለቃል። አልጋው ግን አይወድቅም፤ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሕፃኑ ሲደገፍበት የለቀቀው ማዕዘን ወደ ውጭ ይከፈትና በፍራሹና በጎኑ መካከል ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ክፍተት ይፈጠራል። የገባ ልጅ ወደ ታች እየጠበበ ይያዛል።

ብሎን መጉደሉ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። «ተመሳሳይ ብሎን ገዝተን እናስገባለን» እንዳትሉ። ብሎን በሦስት ነገር መመሳሰል አለበት፦ በውፍረት፣ በጥርስ ርቀትና በርዝመት። አንድ ሴንቲ ሜትር ካጠረ ዳዶውን የሚይዘው በሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ነው፤ ከረዘመ ደግሞ ጫፉ ከጉድጓዱ መጨረሻ ጋር ይጋጭና መገጣጠሚያው ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል። ችፑድ ላይ ከሆነ የባሰ ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ዳግም አይይዝም፣ በክብሪት እንጨትና በኮላ የሚሞላውም ቢሆን ለሕፃን አልጋ አይሆንም።

አራቱም ጎኑ የማይንቀሳቀስ ያገለገለ አልጋ ብታገኙ ግን አልቃወምም፤ እንዲህ ፈትሹት። መለያ ወረቀቱን ፈልጉና የሞዴሉን ቁጥርና የተሠራበትን ቀን አንብቡ፤ አምራቹ ጉድለት ተገኝቶበት ከገበያ መልሶ ሰብስቦት ከሆነ በቁጥሩ ይታወቃል። ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው ወይም ቀኑ ከማይታወቅ ይለፋችሁ። የላይኛውን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ በደንብ ነቅንቁት፤ መገጣጠሚያው «ቀጭ» ካለ ወይም ከተንገጫገጨ አልጋው አልቋል። እያንዳንዱን ዘንግ ለማዞር ሞክሩ፤ የሚዞር ዘንግ ኮላው የለቀቀ ነው። ከዚያ ከሥር ሆናችሁ ርብራቡን ወደ ላይ ግፉት። ርብራቡ መንጠቆ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ ይነሳል፤ ይህን ፍተሻ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሲጸዳና አንሶላ ሲቀየር ግን የሚነሳው ያው ነው። ቀለሙ የሚላጥ አሮጌ አልጋ ደግሞ ጨርሶ አይገባም። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ጠርዙን መንከሱ አይቀርም።

አዲስም ቢሆን ከተገጣጠመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፤ ከዚያ በየወሩ። የመፍቻ ቁልፉን ከርብራቡ ሥር በፕላስተር አጣብቁት፣ አለዚያ ይጠፋል።

የሕፃናት_ክፍል

ፍራሹን በተመለከተ አዋቂ የሚወደው ልስላሴ ለሕፃን አደገኛ ነው። መዳፍሽን መሀሉ ላይ አሳርፈሽ በኃይል ተጫኚና አንሺ፤ ወዲያው ካልተመለሰ ወይም የእጅሽ ቅርጽ ከቀረ አይሆንም። የሰውነት ቅርጽ ይዞ የሚቀረው ስፖንጅ ለአራስ የማይመከረው ለዚህ ነው፤ ፊቱ ሲሰምጥ ያወጣውን አየር መልሶ ይተነፍሳል። ውፍረቱን አልጋው ላይ የተጻፈው ወይም መስመር የተደረገበት ልክ ይወስነዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው ይበቃል፤ በአሜሪካ ልክ ለሚሠሩት ትልልቅ አልጋዎች ጣሪያው 15 ነው። ሁለት ፍራሽ መደራረብ አይቻልም። አንሶላው ባለላስቲክ ሆኖ ከፍራሹ ሥር በደንብ የሚታጠፍ ይሁን፤ ጥጉን ሳብ ስታደርጊው ከወጣ ወይም የፍራሹን ጠርዝ ወደ ላይ ካጎበጠው ልኩ አይደለም።

የዙሪያ ትራሱን ተዪው። አሜሪካ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ መሸጡንም ከልክላለች። «ጭንቅላቱን እንዳይመታ» ይባላል፤ ሕፃን ከዘንግ ጋር ሲጋጭ ቢበዛ ያለቅሳል፣ ትራሱ ላይ ፊቱን ከደፋ ግን ድምፅ ላያሰማ ይችላል። ማሰሪያው አንገት ላይ ይጠመጠማል፣ ልጁ መቆም ሲጀምር ደግሞ መወጣጫ ይሆነዋል። አልጋው ውስጥ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊትም አይግባ። ከበረደው እጅ ማስገቢያ ያለው የመኝታ ከረጢት ይለብሳል። የሚተኛው በጀርባው፣ በጠፍጣፋ ላይ ነው፤ ያስመልሰዋል ተብሎ በራስጌ በኩል ከፍራሹ ሥር ጨርቅ መወሸቅም አይረዳም፣ ተንሸራትቶ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል።

ለጠባብ ክፍል የጎን አልጋው ጥሩ ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃን ቢያንስ ለ6 ወር በወላጆቹ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመክራል። ገደቡን ግን እወቂ። ልጁ መገልበጥ ሲጀምር ወይም በእጁና በጉልበቱ ራሱን ሲያነሳ ዘመኑ ያልፋል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ 5ኛው ወር አካባቢ ነው፣ አንዳንዱ ልጅ ይቀድማል። የክብደት ወሰኑም ላዩ ላይ ተጽፏል። ቀበቶው ከእናንተ ፍራሽ ሥር አልፎ በተቃራኒው ጎን መታሰር አለበት፤ በቅርቡ ጎን ብቻ ካሰራችሁት ሌሊት ስትገላበጡ ቀስ በቀስ ይርቅና በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ማታ ማታ እጅሽን በመሀል አስገብተሽ ፈትሺ። የእናንተ ብርድ ልብስም ወደሱ እንዳይሻገር።

መጋዝና_ኮላ

አናጢ ጋር ካሠራችሁ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ መጀመሪያ ፍራሽ ግዙ፣ እንጨቱ በፍራሹ ልክ ይቆረጥ። ተገላቢጦሽ ሲሆን ነው ከአልጋው 5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ፍራሽ የሚገኘውና ክፍተቱን በጨርቅ መሙላት የሚጀመረው።

ስሌቱን ለአናጢው ጽፋችሁ ስጡት። በ120 ሴንቲ ሜትር ጎን ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 14 ዘንጎች ሲገቡ ክፍተቱ 5.2 ይሆናል። በ13 ዘንግ 5.8 ይመጣል፤ በወረቀት ላይ ያልፋል፣ ነገር ግን ዘንጉ ትንሽ ሲለመጥ 6ን ይሻገራል። በ60ው ጎን 7 ዘንግ 4.9 ይሰጣል። አናጢ አንድ ዘንግ ለመቆጠብ ከፈለገ የሚቆጥበው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

እንጨቱ የደረቀ ይሁን፣ እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ ዘንጉ ይቀጥናል (ክፍተቱ ይሰፋል)፣ በጉድጓዱ ውስጥም ይላላል። ጉጥ ያለበት ዘንግ ይጣል፣ የሚሰበረው ከጉጡ ነው። ዘንጎቹ ከላይና ከታች ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው በኮላ ይያዙ። በሚስማር ብቻ የተመታ ዘንግ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም እየላላ ብቅ ይላል። አራቱ ማዕዘን በብሎንና በዳዶ ይጋጠም፤ ወደ እንጨቱ ጫፍ በቀጥታ የሚገባ ብሎን የሚይዘው ከጭረቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሆነ ሲነቀነቅ ይነቀላል። ርብራቡ ሁለት ከፍታ ይኑረው፣ በእያንዳንዱም ላይ በአራት ብሎን ይታሰር።

ጠርዙ ሁሉ ክብ ይደረግ፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ240 ያልቃል። ቀለሙ ወይም ቫርኒሹ በውሃ የሚበጠበጥና እርሳስ እንደሌለበት የተጻፈበት ይሁን። ሲነካ መድረቁ አይበቃም፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አየር በሚገባበት ቦታ ሳምንታት ይቆይ። ሁለት ወር የቀራችሁ እናንተ ዛሬ ካላዘዛችሁ ይረፍድባችኋል። እውነቱን ለመናገር ጊዜው ለጠበበበት ሰው አዲስ የተገዛ ይሻላል፣ ሥራ የሚያሳጣኝ ምክር ቢሆንም።

ሰባተኛ_ወር

እግዜር ይስጥልኝ። የዘመዱን ትተነዋል። 60 በ120ውን ገዝተን በግርጌ በኩል ልናስቀምጥ ነው፤ ለካነው፣ ይገባል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ርብራቡን መቼ ነው ዝቅ የማደርገው? አጎበርስ እንዴት ይሰቀላል?

ሜትር_ያዥ

ልጁ በራሱ መቀመጥ ወይም በእጁና በጉልበቱ መነሳት ሲጀምር፣ ከ5ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ፣ ከከፍተኛው ደረጃ ይወርዳል። ይዞ ለመቆም ከመሞከሩ በፊት የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ መሆን አለበት። ሲቆም አይታችሁ ለማውረድ ካሰባችሁ ዘግይታችኋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ማን እንደሚያየው አይታወቅም። ቁመቱ 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወይም የጎኑ ጫፍ ከጡቱ በታች ሲውል ከዚህ አልጋ ይውጣ።

አጎበሩ አልጋውን ከውጭ በኩል ሸፍኖ እስከ ወለል የሚደርስና የተወጠረ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የረገበ አጎበር ልጁ የሚስበው ጨርቅ ነው። ማንጠልጠያ ገመዱ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን። የመጋረጃ ገመድም ከአልጋው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከላይ የሚንጠለጠል መጫወቻ ካላችሁ ርብራቡን ዝቅ ባደረጋችሁበት ቀን አብራችሁ አውርዱት።