ማህፀኔ መውረድ ጀምሯል፤ የጡንቻ እንቅስቃሴውን በትክክል መሥራቴን በምን ልወቅ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴትና የአራት ልጆች እናት ነኝ። የመጨረሻ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ሳል ሲይዘኝና ዕቃ ሳነሳ ሽንት ያመልጠኛል፤ ወደ ማታም ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ይሰማኛል። ሐኪሟ መርምራ ማህፀኔ መውረድ መጀመሩንና ሁለተኛ ደረጃ ላይ መሆኑን ነገረችኝ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻ (ማህፀንንና ፊኛን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ) እንቅስቃሴ እንድሠራም አዘዘችኝ፤ አሠራሩን ግን አላሳየችኝም። ሁለት ሳምንት ሞክሬ ለውጥ አላየሁም።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)፦
እህቴ፣ ጡንቻው እስኪጠነክር ቢያንስ ሦስት ወር ስለሚፈልግ በሁለት ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማጥበቅ ሲገባቸው እንደሚያምጥ ሰው ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይህም የወረደውን ይበልጥ ይጫነዋል። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው፣ ሽንትንና ከፊንጢጣ የሚወጣን አየር በአንድነት እንደሚይዙ ሁሉ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ፤ መቀመጫዎና ጭንዎ አይወጠሩ፣ ትንፋሽዎንም አይያዙ። የቻሉትን ያህል፣ በሂደትም እስከ 10 ሰከንድ ድረስ አጥብቀው ከያዙ በኋላ ለዚያው ያህል ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ይህንን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን ሦስት ጊዜ ይሥሩ። ሽንትን መሐል ላይ ማቋረጥን ግን ልምምድ አያድርጉት፤ ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል።

መልስ (ከጎንደር)፦
እኔም ለወራት ስሠራ የቆየሁት መግፋት ነበር። ይህንን ያወቅሁት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በጣቷ መርምራ፣ «አሁን ገፋሽ፤ አሁን ግን ሳብሽ» እያለች ልዩነቱን ስታሳየኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ከማሳሌና ጀሪካን ከማንሳቴ በፊት ጡንቻውን አጠብቃለሁ፤ ሃያ ሊትሩንም በሁለት ከፍዬ እቀዳለሁ፤ የሆድ ድርቀቴንም ታክሜአለሁ። በአራተኛው ወር ሽንት ማምለጡ ቀረልኝ፤ ክብደቱ ግን ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)፦
ከላይ የተጻፈው የምርመራ ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እንቅስቃሴውን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያስተዋውቅም ሴቲቱ ትክክለኛውን ጡንቻ ማንቀሳቀሷን በጣቱ ያረጋግጥ ነበር፤ ዛሬ በቃል ብቻ ታዝዞ መቅረቱ ያሳዝነኛል። እህቴ፣ ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው ፊዚዮቴራፒ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልኩዎ ይጠይቁ። ማህፀኑ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ግን እንቅስቃሴ ብቻውን አይበቃምና ሳይዘገዩ ይሂዱ፤ በብልት ውስጥ ተቀምጦ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ስገፋ ነበር የከረምሁት። ሰኞ ሄጄ እንድትመረምረኝና እንድትልከኝ እጠይቃታለሁ።