ወንድሜ አረቄ ካቆመ ወዲህ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፤ ምን ልስጠው?

የደምበጫዋ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ ከእንግዲህ አረቄ በቃኝ ብሎ ምሎ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አልቀመሰም። ደስ ብሎን ነበር። ዛሬ ግን እጁ ብርጭቆ አልይዝ አለው፣ ላቡ አንሶላውን አርሶታል። ከመሸ ወዲህ ደግሞ «ፍየሎቹን አስወጡልኝ» እያለ ከጥግ ጥግ ያባርራል። ቤታችን ፍየል የለም። ነገ ጸበል ልንወስደው ተነጋግረናል። እስከዚያ የሚያስተኛ ነገር ከፋርማሲ ምን ልግዛለት?

ዳሞት
አይ አረቄ! አገሩን የጨረሰው እሱ ነው። ጎረምሳው ፊቱን ሳይታጠብ አረቄ ቤት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ ተመስገን ብለን ነበር። አረቄ ግን መቼ ማስታወቂያ ፈልጎ ያውቃል? ወላጅ ልጁን ከልጅነቱ ካልመከረ ኋላ ማልቀስ ነው። ሽማግሌዎችም ዝም ብለዋል።

የአባይ ማዶ
የአብሽ ውሃ በማር አድርጊና አጠጪው። ጨጓራውን ያርስለታል።

ባለባጃጁ
ፍየሎቹ ከሰቡ ለበዓል አንዱን ለእኔ 😂 አይዞሽ እህቴ፣ ፈገግ እንድትዪ ነው። ቀልዱን ተዪውና እዛው ከተማ ካለሽ አድራሻሽን በውስጥ ላኪልኝ፤ ባጃጄን ይዤ እመጣለሁ።

ነርስ ከቡሬ
እህቴ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል። እስከ ነገ አትጠብቂ። በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣ ነበር? ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ወድቆ አረፋ ደፍቆ ያውቃል? ለእኔ ባትመልሺም ለሐኪሙ ትመልሺለታለሽ።
ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይታወካል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ይጀምራል። መንፈራገጥ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። መቃዠቱና የሌለ ነገር ማየቱ እየከፋ የሚሄደው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። ወንድምሽ እዚያ ላይ ነው ያለው። ይህ ይገድላል። ድሮ ደህና ሕክምና ሳይኖር እስከ 35 በመቶ የሚደርሱት ይሞቱ ነበር። ቶሎ ከታከሙ ግን ከ5 በመቶ በታች ነው።
ሆስፒታል ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት እየተለካ ይሰጠዋል። ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት። «ብዙ ዓመት ጠጪ ነው፣ ካቆመ ይህን ያህል ጊዜው ነው» በዪ። አታፍሪ።

ተስፋ ጎጃም
ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ስጪው። ጎረቤቴ በእሱ ነው ጸጥ ያለው።

ነርስ ከቡሬ
በፍጹም! ትራማዶል ራሱ መንፈራገጥ ያመጣል። ከፋርማሲ ምንም አትግዢ።

ዘማርያም
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የመንፈስ ነገር ነው። ፍየል እያየ ምን ሐኪም ያድነዋል? መርፌ ከተወጋ ይብስበታል። ሌሊቱን ይዛችሁት ወደ ጸበል ሂዱ።

ነርስ ከቡሬ
ወንድሜ፣ ጸበሉን ማንም አልከለከለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን በባዶ ሆድ ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ካስቸገረም ይታሰራል። እንዲህ እያላበው፣ ውሃ እያነሰው፣ ልቡ እየመታ እንዴት ይችለዋል? መጀመሪያ ይታከም። ሲረጋጋ በእግሩ ሄዶ ይጠመቅ።

ጮቄ
እኔ የሚገርመኝ፣ በአንድ ቀን ቁረጥ ያለው ማን ነው? ቀስ እያለ ነበር መቀነስ ያለበት። አሁንም ሁለት መለኪያ ብትሰጡት ይረጋጋል።

ነርስ ከቡሬ
ድንገት መቁረጡ አደገኛ ነው ያልከው ልክ ነው። አሁን ግን ራሱን እየሳተ ነው። የምትሰጡት አረቄም ሆነ አብሽ ሊያንቀው ይችላል። ጊዜም ያባክናል።

የደምበጫዋ (ጠያቂ)
ጎረቤት መኪና ሊያመጣ ሄዷል። አልወጣም ብሎ በሩን ይዟል። አባቴ በገመድ እንሰረው እያለ ነው።

ነርስ ከቡሬ
ገመድ ይቅር። መብራት አብሩ፣ ሰው ቀንሱ፣ የሚወደው አንድ ሰው ብቻ ያናግረው። ፍየል የለም ብላችሁ አትከራከሩት። ማጭድና ቢላዋ ከአጠገቡ አንሱ። ቢንፈራገጥ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። መኪና ከጠፋ የወረዳውን አምቡላንስ ወይም የቀይ መስቀልን 907 ሞክሩ። ፍኖተ ሰላም ወይም ማርቆስ፣ መንገዱ ወደሚመቸው።

የአባይ ማዶ
አብሹን ግን በመንገድም ቢሆን ይጠጣ።

የማርቆሷ
እህት ዓለም፣ በርቺ። ባሌ እንዲህ ሆኖ አልፏል። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ካርዱ ላይ አልኮል የሚለው ይጻፍ። እኛ ስናፍር «ጨጓራ ነው» እንላለን፣ እንደዚያው ይመዘገባል፣ ኋላ በመዝገብ ሲቆጠር የጠጪ በሽተኛ የለም ይባላል። ያልተቆጠረ ሰው መድኃኒትም ሐኪምም አይመደብለትም።

ስሜ ይቅር
የማርቆሷ፣ ባልሽ ከዚያ በኋላ እንዴት ቆመ? የእኔም ባል እንዲሁ ነው፣ ታክሞ ይወጣና ወር ሳይሞላው ይመለሳል።

የማርቆሷ
ሆስፒታሉ ሰውነቱን ነው ያረጋጋለት፣ ሱሱ ገና እዚያው ነበር። ሳይወጣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቀጠሮ አስያዝኩለት፣ አብሬው እገባ ነበር። ያለበትን ብድር መክፈሌን ተውኩ፤ እየከፈልኩለት ነበር የሚጠጣው። ሰክሮ ሲገባ አላናግረውም፣ ጠዋት ሲሰክን ነው የምንነጋገረው። ወድቆ ተነስቷል፣ ደግሞም ወድቋል። ለራስሽም ሰው ፈልጊ። እኔ ለእህቴ ነገርኳት፣ ልጆቹን እሷ ጋ አሳድር ነበር። የሚመታሽ ከሆነ ግን ቤት አትቆዪ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። በውስጥ ጻፊልኝ።