ለሳይንስ ክበባችን የመጀመሪያዋ የሪሞት አውሮፕላን፦ የትኛዋን እንምረጥ? በምንስ እንሥራት?

ጠያቂ፦ የፊዚክስ መምህርት፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡም በእኔ እጅ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችው «ፀሐይ» አውሮፕላን ጥር 2016 ከጣሊያን የተመለሰች ጊዜ ልጆቹ ዜናውን ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እኛስ በሪሞት የምትሄድ ትንሽ አውሮፕላን ሠርተን ማብረር አንችልም ወይ?» እንችላለን ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ሞክረን አልሆነልንም። ዘመድ ከውጭ ያመጣልንን፣ የተዋጊ ጄት ቅርጽ ያላትን ትንሽ አውሮፕላን ከቀትር በኋላ ሜዳ ወስደን ለቀቅናት። ሦስት ሰከንድ አልቆየችም፤ ወደ ቀኝ ተገልብጣ በአፍንጫዋ መሬት ገባች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ስብርባሪዋን ሲለቅሙ ማየት በጣም ከብዶኝ ነበር።

አሁን እንደገና ልንጀምር ነው። ገንዘባችን ትንሽ ነው። የተሠራ ገዝተን እንማር ወይስ ራሳችን እንሥራ? ከሠራንስ ስፋቷ፣ ክብደቷ፣ ሞተሯ ምን ያህል ይሁን? እዚህ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ፎም ቦርድ፣ ከተርና የሙጫ ሽጉጥ አይጠፋም። ሞተሩንና ሪሞቱን ከአዲስ አበባ እናስመጣለን።

ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ፣ ቢሾፍቱ

ልጄ፣ አውሮፕላኗ የወደቀችው በእናንተ ጥፋት አይደለም። ያ ቅርጽ ለጀማሪ አልተሠራም። የተዋጊ ክንፍ አጭር ነው፤ አየር ላይ ለመቆየት መፍጠን አለበት፤ ሲያዘነብልም በራሱ አይመለስም። ለተማሪ የሚሆነው ቀስ ብሎ የሚሄድና ተማሪው ደንግጦ እጁን ከሪሞቱ ሲያነሳ ራሱን የሚያቃና ነው። ስለዚህ ክንፉ ከገላው በላይ ይቀመጥ፤ ረጅምና ሰፊ ይሁን፤ አሞራ ሲያንዣብብ እንደሚያደርገው ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሱ። አንዱ ክንፍ ሲወርድ ያ የተነሳው ጫፍ ነው መልሶ የሚያቃናው።

መጠኑን ልንገርሽ። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 20 ይሁን። ገላዋ ወደ 90። የኋላው አግዳሚ ጅራት 45 በ11፤ ይህ የክንፉ ስፋት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። የቆመው ጅራት የክንፉን አንድ አሥረኛ ያክላል። ክንፉን በሁለት ግማሽ ሥሩና ስትገጥሙ አንዱን ግማሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፤ የሌላው ጫፍ ከጠረጴዛው 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ክንፉን ከገላው ጋር በሙጫ እንዳታጣብቁት፤ ገላው ላይ ሁለት የቀርከሃ እንጨት አሳልፋችሁ በላስቲክ እሰሩት። ሲወድቅ ላስቲኩ ይፈታል፤ ክንፉ ይተርፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ። በአገራችን በሰው አልባ በራሪ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር አለ፤ ሞዴል አውሮፕላንም ከዚያ ተለይታ አትታይላችሁም። አንዲት ዕቃ ሳትገዙ ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይጠይቅ፤ ቀበሌውና ፖሊሱም ይወቁት። ካሜራ የሚባል ነገር አትግጠሙባት። ጅማ ደግሞ የአባ ሰጉድ ኤርፖርት ለከተማው ቅርብ ነውና ሜዳችሁ ከከተማ የራቀ፣ አውሮፕላን ከሚነሳበትና ከሚያርፍበት መስመር ውጭ ይሁን። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ስጠግን ኖሬአለሁ፤ በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ ኪቶ ፉርዲሳ

ቲቸር፣ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ የጅማን ከፍታ ልጨምርበት። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 1,750 ሜትር ከፍ ትላለች። በሞቃት ቀን አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቪዲዮ ላይ «ይህ ሞተር 850 ግራም ይስባል» ሲሉ የለኩት ብዙውን ጊዜ ዝቅ ባለ አገር ነው፤ እዚህ 700 አካባቢ ቢያገኙ ነው። ክንፉም እንዲሁ ነው፤ ባሕር ዳርቻ 800 ግራም የምትመዝነው አውሮፕላን ጅማ ስትመጣ አንድ ኪሎ የጫነች ያህል መፍጠን ይኖርባታል።

በግምት አስልቼዋለሁ። ጋሼ በሰጡት ክንፍ 650 ግራም ከሆነች በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ መብረር ትችላለች። 900 ግራም ካደረጓት 30 ያስፈልጋታል። አምስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ለጀማሪ ዓይንና ጣት ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። እንግዲህ ትግሉ ከግራም ጋር ነው። ፎም ቦርድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ውፍረታቸው እኩል 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ክብደታቸው በእጥፍ የሚለያይ አሉ። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይዘው ሱቅ ይሂዱና እዚያው መዝነው ቀላሉን ይግዙ። በውስጥ በኩል የሚውለውን ወረቀት ቢልጡት ደግሞ ብዙ ይቀንሳል። የሙጫ ሽጉጡንም ለልጆቹ ሲሰጡ ቀጭን መስመር ብቻ ይበሏቸው፤ የመጀመሪያዬ ላይ ሙጫው ብቻ 90 ግራም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ መቆጣጠሪያው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ክንፉ ላይ አይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ከፍ ዝቅ እያለ አውሮፕላኗን የሚያዘነብል) ቢኖር ልጆቹ ትክክለኛውን አበራር ገና ከመነሻው ይለምዳሉ።

ጡረታ የወጣው፣ ቢሾፍቱ

አይለሮኑን ለሁለተኛዋ አቆዩት፤ ለመጀመሪያዋ አይሆንም። ጫፉ ወደ ላይ ለተነሳ ክንፍ ረደር (በቆመው ጅራት ላይ ግራና ቀኝ የሚታጠፈው) ይበቃል፤ ረደሩ አፍንጫዋን ሲያዞር ክንፉ ራሱ ያዘነብላል። ሁለት ሰርቮ (መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) ብቻ ትገዛላችሁ፤ ክብደትም ይቀንሳል፤ የሚሰበረውም ያንሳል። አንተም ልጄ ስሌትህ ጥሩ ነው፤ መምህርቷን በአካል ሄደህ ብትረዳት ደስ ይለኛል።

የሁለት ልጆች አባት፣ ሐዋሳ

እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ እንዳትቀየሙኝ። ከልጄ ጋር በፎም ቦርድ የሠራናቸው ሁለት አውሮፕላኖች ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰበሩብን። ያስተማረን ተገጣጥሞ የተሸጠ፣ እንደ ስፖንጅ ከሚተጣጠፍ ፎም የተሠራ ባለ ከፍተኛ ክንፍ ነው። ስንት ጊዜ እንደወደቀ አልቆጥረውም፤ በሙጫ አንስተን እንደገና እናበረው ነበር። የሐዋሳ ከፍታ ከጅማ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ እናንተም ጋ ይሠራል። እህቴ፣ አቅሙ ካለ በተሠራ ተማሩ፤ ከዚያ ሥሩ። እየሠሩ ማብረርም መማር ሁለት ከባድ ነገር በአንድ ጊዜ ነው።

አቅሙ ከሌለ ደግሞ ቢያንስ ሪሞቱን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ሲሙሌተር (የኮምፒውተር የበረራ መለማመጃ) ላይ አሥር ሰዓት ያህል ተለማመዱ። አውሮፕላኗ ወደ እናንተ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ለልጄ ያስተማርኩት «የወረደው ክንፍ ወዳለበት ጎን የሪሞቱን ዱላ ግፋ» ብዬ ነው። ያቺ አባባል ብዙ አድናናለች።

ጠያቂዋ፣ ጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከሐዋሳ፣ ያልከው ገብቶኛል፤ ልጆቹ ግን የፈለጉት ማብረሩን ብቻ አይደለም፣ መሥራቱንም ነው። ስለዚህ እንሠራለን፤ በሲሙሌተሩም እንለማመዳለን። ጋሼ፣ የደብዳቤውን ነገር ዛሬውኑ ለርዕሰ መምህሩ ነግሬአለሁ። አሁን የቀረኝ ኤሌክትሪኩ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪውን እንዴት እንሙላ?

ሞባይል ጠጋኝ፣ ጅማ መርካቶ

እህቴ፣ ይሄ የእኔ መስክ ነው። ሞተሩ 2212 የሚባለው ባለ 1000 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 1000 ዙር ገደማ) ብራሽለስ ይሁን፤ የአዲስ አበባ የተማሪ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ለድሮን ፕሮጀክት ብለው ይይዙታል። ከእሱ ጋር 30 አምፒር ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው)፣ 10 በ4.5 ኢንች ፕሮፔለር (መሬት ሲነካ ስለሚሰበር አራት አምስት ያዙ)፣ ሁለት ባለ 9 ግራም ሰርቮ። ሪሞት ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ለጀማሪ ይበቃል፤ ከሪሲቨሩ (አውሮፕላኗ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው) ጋር አብሮ ግዙት፤ የሞተሩ ዱላ በግራ ያለውን ምረጡ። ባትሪው ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)፣ 1300 ሚሊ አምፒር ሰዓት። 2200 ላይ አትሂዱ፤ 70 ግራም ገደማ ይጨምርባችኋል። 1300ው ጋዝ ካላበዛችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያበርራል፤ ለተማሪ ከዚያ በላይ ድካም ነው።

ሊፖ እንደ ስልክ ባትሪ አይደለም፣ በራሱ መከላከያ የለውም። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ካበረራችሁ በኋላ ከ3.7 በታች ወርዶ ካገኛችሁት አብዝታችኋል። ሳትጠቀሙ የምታስቀምጡት ከሆነ 3.8 ላይ ይሁን፤ ሞልቶ ወር የቆየ ሊፖ ያብጣል። ያበጠውን፣ የተወጋውን፣ ወድቆ የተጣመመውን ዳግም ቻርጅ እንዳታደርጉት። ቻርጀሩ ባላንስ የሚያደርግ (ሴሎቹን እኩል የሚሞላ)፣ በ12 ቮልት ዲሲም የሚሠራ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ከመኪና ባትሪ ትሞላላችሁ። ለ1300ው 1.3 አምፒር ላይ አድርጉት፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስትሞሉ የተሰበረ ምጣድ ገል ላይ አስቀምጡት፤ ወረቀትና ፎም አጠገቡ አይኑር፤ ትታችሁት አትውጡ። ሊፖ ሲቀጣጠል አይቻለሁ፤ ጭሱ ብቻ ቤት ያስለቅቃል።

ሁልጊዜ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ የሞተሩ ዱላ ታች ይሆናል፣ ከዚያ ነው ባትሪው የሚሰካው። ስትፈትሹ ፕሮፔለሩን ንቀሉት። ፕሮፔለሩ ተነቅሎ ሳለ ሞተሩን አስነሱና ሪሞቱን አጥፉት፤ ሞተሩ ወዲያው ካልቆመ ፌልሴፉ (ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያቆመው) አልተስተካከለም ማለት ነው፣ እንዳታበርሩ። የሰርቮ ሽቦ ብየዳ ካስቸገራችሁ ልጆቹን ይዘሽ ሱቅ ነዪ፤ ካውያው የእኔ ነው፣ ገንዘብ አልጠይቅም።

የሜካኒካል ተማሪው፣ ኪቶ ፉርዲሳ

ከሰርቮ እስከ ጅራት ለሚሄደው ዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይሆናል፤ ጅራቱ ላይ ለሚያያዘው ቀንድ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ ቆርጠው ይጠቀሙ። የሞተሩ መቀመጫ ግን ፎም አይሁን፤ 3 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ነው። የጅማ እርጥበት ወረቀቱን ከፎሙ ስለሚያላቅቀው ጠርዞቹን በሙሉ በስኮች ይሸፍኑ።

የስበት ማዕከሉን ሳይለኩ እንዳያበርሩ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለት ጣት ሲያነሷት አፍንጫዋ በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት። ጅራቷ ከወረደ ባትሪውን ወደፊት ይግፉት እንጂ ድንጋይ አይጨምሩባት። እና ጠዋት ይሁን፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ነፋሱ ገና አልተነሳም። ያቺ የመጀመሪያዋ ከቀትር በኋላ ባትለቀቅ ኖሮ ምናልባት ትንሽ ትቆይ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከአብራሪው ኋላ ይቁሙ።

ጠያቂዋ፣ ጅማ — ከሁለት ወር በኋላ

ሠራናት! ፈቃዱ ብዙ ደጅ አስጠንቶን መጣ፤ ሜዳውም ከከተማ ወጣ ብሎ ረጅም ሣር ያለበት የግጦሽ መሬት ነው፤ ባለቤቱ ፈቅደውልናል። ባትሪዋን ጨምሮ 690 ግራም ሆነች። ጅራቷ ከብዶ ስለነበር ባትሪውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደፊት ገፋነው። መጀመሪያ ሞተር ሳናስነሳ ሣሩ ላይ በእጅ ወረወርናት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ተቀመጠች። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ሲሙሌተሩን ከሁሉም በላይ የተለማመደችው የአሥረኛ ክፍል ልጃችን አራት ደቂቃ አበረረቻት። እኔ ዕንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

አንድ ችግር አለ። ጋዝ ስንጨምር አፍንጫዋን ወደ ላይ ታነሳለች፤ ልጅቷ ኤሌቬተሩን (በአግዳሚው ጅራት ላይ ያለውን) ወደታች ስትገፋ ነው የቆየችው። ምን እናስተካክል?

ጡረታ የወጣው፣ ቢሾፍቱ

እልል በሉ ልጆቼ! እኔም እዚህ ሆኜ ደስ ብሎኛል።

አፍንጫዋ የሚነሳው ጋዙ በተጨመረበት ቅጽበት ነው ወይስ ትንሽ ቆይቶ ፍጥነት ስትይዝ? ወዲያው ከሆነ የሞተሩ አቅጣጫ ነው። ቆይቶ ከሆነ አፍንጫዋ ከብዶ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ተስተካክሎ ነው የምትበረው፤ ያኔ ባትሪውን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደኋላ መልሱ።

ጠያቂዋ፣ ጅማ

ልጅቷን ጠየቅኳት፤ «ዱላውን እንደነካሁት ወዲያው ነው» አለችኝ።

ጡረታ የወጣው፣ ቢሾፍቱ

እንግዲያው ባትሪውን አትንኩት። በሞተሩና በፕላይውዱ መካከል፣ በላይኞቹ ሁለት ብሎኖች ላይ አንዳንድ ሮንዴላ አስገቡ፤ ሞተሩ በጥቂቱ ወደታች ያያል። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፤ አብርራችሁ እዩ፤ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሩ። ጋዝ ስትጨምሩ ወደ ግራ የምትስብ ከሆነ ደግሞ በግራዎቹ ብሎኖች በኩል እንዲሁ አድርጉ። ብሎኖቹን ከፈታችሁ በኋላ መልሶ የሚያጠብቃቸው አንድ ልጅ ይሁን፤ ሌላ ልጅ ደግሞ ይፈትሽለት።