አገጬ ወደ ግራ ሄዷል፤ የመንጋጋ ኦፕሬሽን ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ?

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ዕድሜዬ 23 ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ። ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሚዜ ነበርኩ። ቪዲዮው ሲመጣ አገጬ ወደ ግራ ሄዶ አየሁት። ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ላይ ነው። የጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «መጀመሪያ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ)፣ ከዚያ የመንጋጋ ኦፕሬሽን» አለኝ፤ አምስት ደቂቃም አላናገረኝም። እናቴ «እግዜር የሰጠሽን ፊት!» ብላ ቤቱን አናወጠችው። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ «ወጪው በኔ፣ አድርጊው» ትላለች። ቆሎ የማኝከው በቀኝ ብቻ ነው። ሳዛጋ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይላል፣ ግን አያመኝም። ያደረጋችሁም የተዋችሁም እውነቱን ንገሩኝ።

ቡልቡላ
እህቴ፣ መጀመሪያ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ፊት አሳዪኝ። የለም። ስልክን ፊት ላይ ደቅነው የሚያነሱት ሰልፊ አፍንጫን ያጋንናል። መስታወት ደግሞ ገልብጦ ነው የሚያሳይሽ። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ራስሽን ስታዪ የማታውቂያት ሴት ትመስልሻለች። እኔም በዚህ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ። አንድ ነገር ሞክሪ። እርሳስ አግድም በክራንቻ ጥርሶችሽ ነክሰሽ፣ ሰው ከሁለት ሜትር ላይ ፊት ለፊት ያንሳሽ። እርሳሱ ከዓይኖችሽ መስመር ጋር እኩል ከሄደ የላይኛው መንጋጋሽ አላዘነበለም ማለት ነው። የኔ እኩል ነበር፣ ጥርሴም ይገጥማል። ተውኩት።

ከፍራንክፈርት
እኔ አድርጌዋለሁ፣ በ28 ዓመቴ። ብሬሱ ብቻ 16 ወር ወሰደ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለኔ የነገረኝ አልነበረም፦ ብሬሱ መጀመሪያ ያባብሰዋል። ጥርሶች ጠማማውን መንጋጋ ለማካካስ ለዓመታት ራሳቸውን ሲያዘነብሉ ነው የኖሩት። ብሬሱ ቀጥ ሲያደርጋቸው ጉዱ ይወጣል። ስምንተኛው ወር ላይ ፎቶዬን አይቼ አለቀስኩ።

ኦፕሬሽኑ ላይ የታችኛውን መንጋጋ ግራና ቀኝ ሰንጥቀው፣ ቦታው መልሰው፣ በትንንሽ የቲታኒየም ፕሌትና ብሎን ያስሩታል። የሚገቡት በአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊት ላይ የጎላ ጠባሳ የለም። ግን ለስድስት ሳምንት ማኘክ የሚባል ነገር የለም። ሳልወልድ አጥሚት ስጠጣ ከረምኩ። ሾርባው በወንፊት፣ ሽሮው እንደ ውሃ ቀጥኖ። ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። እብጠቱ ሦስት ሳምንት ላይ አብዛኛው ወረደ፣ የቀረው ወራት ፈጀ።

ከሁሉም በላይ የምታስቢበት መደንዘዙን ነው። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚያልፈው እዚያው የሚሰነጠቀው አጥንት ውስጥ ነው። የኔ ቀኙ በአራት ወር ተመለሰ። ግራው ሁለት ዓመት ሞላው፣ አሁንም ትንሽ ድንዝዝ ነው። ሽሮ አገጬ ላይ ቢቀር አላውቅም። ገበታ ላይ ባሌ የራሱን አገጭ በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ እኔ ቶሎ እጠርጋለሁ።

አልተጸጸትኩም። የፊት ጥርሶቼ ስለማይገናኙ ሳንድዊች መግመጥ አልችልም ነበር፤ አሁን እችላለሁ። ለውበት ብቻ ብሆን ግን ያንን ከንፈር እሰጥ ነበር? እንጃ።

ጀርመን ላላችሁ፦ የአዋቂ ሰው ብሬስን የሕዝብ ጤና መድኑ የሚሸፍነው ችግሩ ከባድ ሆኖ ኦፕሬሽንም የሚያስፈልግ ከሆነ ነው። ዕቅዱ ሕክምናው ሳይጀመር መጽደቅ አለበት።

ፊለር
አንድ መርፌ ፊለር፣ ያ ቆዳ ሥር የሚሞላው፣ ብትወጊስ? ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ከፍራንክፈርት
ፊለር ይሟሟል፣ እንደገና ትወጊያለሽ። ጥርስ ደግሞ አያገጥምም።

የጥርስ ሐኪም ነኝ
የኔ እህት፣ እስካሁን ማንም ያልጠየቀሽ ጥያቄ አለ። መቼ ነው የሄደው? ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነበር ወይስ በቅርቡ ነው? ልጅ ሆነሽ አገጭሽን ተመትተሽ ታውቂያለሽ? የ10ኛ ክፍል መታወቂያሽንና ከዚያ ወዲህ የተነሳሻቸውን ጉርድ ፎቶዎች በየዓመታቸው ደርድሪና ተመልከቻቸው።

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
ወድቄም ተመትቼም አላውቅም። እርሳሱን ሞከርኩ፣ በቀኝ በኩል ትንሽ ዝቅ ይላል። ፎቶዎቹን ግን ስደረድር ደነገጥኩ ዶክተር። የ10ኛ ክፍሉ ቀጥ ያለ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያዬ ላይ በጥቂቱ፣ የምረቃዬ ላይ በደንብ ይታያል።

የጥርስ ሐኪም ነኝ
እንግዲህ ነገሩ ይለያል። አጥንትሽ እያደገ ሊሆን ይችላል። ከጆሮ ፊት ለፊት፣ የመንጋጋው መገጣጠሚያ ላይ፣ ኮንዳይል የምንለው የአጥንት ራስ አለ። አንዳንዴ የአንዱ ወገን ዕድገት በጊዜው አይቆምም። ያኔ አገጩን ወደ ሌላኛው ወገን ይገፋዋል። ያንቺ ወደ ግራ ከሄደ የምጠረጥረው ቀኙን ነው። በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ይበልጥም በሴቶች ላይ እናየዋለን። በፎቶ ብቻ ግን ነው ብዬ አልደመድምም።

እያደገ ባለ አጥንት ላይ ማስተካከያ ከተሠራ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ብሬሱንም አትቸኩዪበት። የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ይይሽ፤ የካቲት 12 ሆስፒታል ክፍሉ አለ። የመንጋጋ ራጅና ሲቲ ስካን አጥንቱ ምን ያህል እንደረዘመ ያሳያሉ። የአጥንት ስካን የሚባለው ደግሞ ጥቂት ጨረር አመንጪ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ፣ የትኛው ወገን አሁንም እየሠራ እንደሆነ ያያል። እሱ ካልተገኘ የጥርስሽ ሞዴል በጀሶ ተወስዶ፣ በየስድስት ወሩ ከአዲስ ጋር ይነጻጸራል። ቆሞ ከሆነ ጊዜ አለሽ፣ ተረጋግተሽ ትወስኛለሽ። እያደገ ከሆነ ከኮንዳይሉ አናት ጥቂት ሚሊሜትር ቆርጦ ዕድገቱን ማስቆም ይቻላል። ይህ ከትልቁ ኦፕሬሽን የተለየ ነው።

ቡልቡላ
ይቅርታ እህቴ፣ እኔ በራሴ ለክቼሽ ነበር።

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
ምንም አይደል፣ እርሳሱ ያንተ ነው። ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሙን ምን ምን ልጠይቅ?

ከፍራንክፈርት
ይህን ኦፕሬሽን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቂው። አያሳፍርም። ከንፈራቸው ደንዝዞ የቀረ ታካሚዎች እንዳሉትም ጠይቂ። «አንድም የለኝም» ካለሽ ሌላ ሐኪም ጨምሪ። ባታደርጊው በአምስት ዓመት ምን ይሆናል? እሱንም አትርሺ።

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
ፎቶዎቹን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸውና ዝም አለች። ቆየት ብላ «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ
ፎቶዎቹን አሳትመሽ፣ ከኋላቸው ዓመቱን ጽፈሽባቸው ያዢ።