እማዬ አትክልት አልበላም ብላለች፤ ለግፊቷ ምን ላድርግ?

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም የድሬ ልጆች። ባለፈው ሳምንት እማዬን ራሷን እያዞራት ስለነበር ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግፊቷ 162 በ98 ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግመው ሲለኩት 158 በ96። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን አዘዙላትና «ጨው ቀንሺ፣ አትክልት አብዢ» ብለው ሸኙን። ከኋላችን ወረፋው ብዙ ስለነበር ዝርዝር ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እማዬ 56 ዓመቷ ነው። ሩዝ በሥጋ፣ ፓስታ፣ ፉል፣ ሳምቡሳ ሲሆን ደስ ይላታል። ጎመን ሳቀርብላት «ምን በደልኩሽ?» ትለኛለች። ሰላጣ ስሰጣትማ «እኔ ፍየል ነኝ እንዴ?» ብላ ሳህኑን መለሰችልኝ።

አትክልት እውነት ግፊት ያወርዳል ወይስ ለወጉ ነው የሚባለው? ስንት ያህል ያወርዳል? ጎረቤታችን ደግሞ «ኪኒኑን ተዪው፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ዋጪ» ብላታለች፤ እማዬም ወደዚያው እያዘነበለች ነው። «ሁሉም የድሬ ውሃ ጣጣ ነው» የሚሉም አሉ። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

አቦ ድሬ

አቦ እናትሽን አታስጨንቂያቸው! አባቴ «ጫትም ቅጠል ነው» እያለ ሠላሳ ዓመት ቅሟል። አትክልት በመብላት ከሆነ እሱን የሚያህል የለም።

የሳቢያን ነርስ

አቦ ድሬ፣ ቀልድህ ይቆየን። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከጎመን ጋር የሚያመሳስለው አረንጓዴነቱ ብቻ ነው። አባትህን አስለካቸው።

የከዚራ ልጅ፣ ያወርዳል። ዳሽ የሚባል የታወቀ ጥናት አለ፤ በ1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ የወጣ። 459 አዋቂዎችን ሦስት ቦታ ከፍለው ለ8 ሳምንት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ምግቡን እያዘጋጁ አበሏቸው። አንዱ ቡድን አሜሪካውያን የለመዱትን ዓይነት ምግብ በላ። ሁለተኛው አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት ተጨመረለት። ሦስተኛው ከአትክልትና ፍራፍሬው ሌላ ቅባቱ የወጣለት ወተት ተጨመረለት፣ በጠቅላላው ቅባትም ተቀነሰለት። ጨው ለሁሉም ያው ነበር። ክብደታቸውም እንዳይቀየር ይጠበቅ ነበር።

ግፊት ካለባቸው ሰዎች መካከል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ የተጨመረላቸው የላይኛው ቁጥራቸው የለመዱትን ከበሉት ሲነጻጸር በ7 ገደማ ወረደ። የሦስተኛው ቡድን ደግሞ በ11 ገደማ። ለውጡ መታየት የጀመረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ለምግብ ይህ ቀላል አይደለም።

ግን ሒሳቡን ሥሪው። ከ158 ላይ 7 ብትቀንሺ 151 ነው። ከ140 በታች እንዲወርድላቸው ጎመን ብቻውን አያደርስም። ስለዚህ ኪኒኑ እንዳይቋረጥ! ነጭ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ጥሩ ነው፤ የአምሎዲፒንን ቦታ ግን አይይዝም።

እንዴት ነው የሚሠራው ካልሽ፦ አትክልት ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለ። ኩላሊት ከጨው የሚመጣውን ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ያግዘዋል፣ የደም ሥርንም ያላላል። ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ናይትሬት አላቸው፤ ሰውነት ሥር ወደሚያሰፋ ነገር ይለውጠዋል። የድሬን ውሃ በከንቱ አትሙት። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ነው። ግፊት የሚያንረው ሶዲየም ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው ጨው ዕቃችሁ ውስጥ ነው።

11 ዓመት ባለ ግፊት

ነርሷ መጨረሻ ላይ ያለችው የጨው ነገር እኔን የሸወደኝ ነው።

አንድ ሁዳዴ ላይ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጠዋት ማታ ጎመንና ሽሮ። በቃ ዘንድሮ ይወርዳል ብዬ ተለካሁ። ጭራሽ ወጥቷል! ሐኪሙ «ምን ትበላለህ?» አለኝ። «አትክልት» አልኩት በኩራት። «ማን ነው የሚሠራው?» አለኝ። ያኔ ባለቤቴ ሳቀች።

ቤት ገብተን አብረን ቆጠርን። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚሁ። ወጡ ሲሠራ እንደገና ጨው። ጎመኑ ላይ ጨው፣ ከዚያ ያቺ የሾርባ ኪዩብ፣ እሷም ከግማሽ በላይ ጨው ናት። ሰላጣው ላይ ደግሞ ከላይ ይነሰነሳል። ዳቦውም ጨው አለው።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ያልተቆለለች አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኗ ነው። እኛ ቤት አምስት ነን። አምስት ጊዜ አምስት 25 ግራም። አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት ማለት ነው። እሽጉ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍኩ። በ18 ቀን አለቀ! ዳቦውንና ኪዩቧን ሳንቆጥር እኮ ነው። እናትሽን ስለ ጎመን ከመጨቅጨቅሽ በፊት እሽጉ ላይ ቀን ጻፊ።

ከፊራ ነጋዴ

የኔ እህት፣ እኔ አትክልት ሻጭ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሰው እንዴት እንደሚበላ አውቃለሁ። እናትሽ ሩዝ ከወደዱ ሩዙን አትንኪባቸው። ካሮት ፈቅፍቀሽ፣ ፎሶሊያ ከትፈሽ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አብዝተሽ አብረሽ አብስዪው። መጀመሪያ ሩቡን አትክልት አድርጊ፣ ሳምንት ቆይተሽ ግማሹን። ሶማሌዎቹ ሩዝ ከሙዝ ጋር ይበሉ የለ? ይቀጥሉበት። ሙዝም ፖታሲየም አለው ይላሉ።

ጨው ሲቀንስ ምግቡ ይሞታል፣ እውነት ነው። ስለዚህ ኮምጠጥ አድርጊው። በስባስ ሥሪላቸው፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ሎሚ በደንብ ጨምቀሽ ፍጪው። ጨው አታስገቢ። ሩዙ ላይ ጠብ ሲደረግ ጨው መቀነሱ ትዝ አይላቸውም። ሁመር (ታማሪንድ) ዘፍዝፈሽ ወጥ ላይ ብትጨምሪም እንዲሁ ነው።

ጎመኑን ደግሞ ቀቅላችሁ፣ ጨምቃችሁ ውሃውን የምትደፉት ነገር ይቅር። ጥሩው ነገር ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። በትንሽ ውሃ ክደኚውና አብስዪው። ግዢሽን በጠዋት አድርጊ። የድሬ ፀሐይ ቆስጣን እስከ እኩለ ቀን አያቆያትም።

ጁገል 5 በር

ከሐረር ነኝ። አንድ ነገር ሳትባል እንዳታልፍ። አባቴ ግፊትም የኩላሊት ችግርም አለበት፣ ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት ኪኒን ይወስዳል። እኛም አትክልት ጥሩ ነው ብለን ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ድንች አበዛንለት። በደም ምርመራ ፖታሲየሙ ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኘ፣ በጣም ደነገጥን። ለእሱ ቀንሱ ተባልን።

የሳቢያን ነርስ

ጁገል፣ እግዜር ይስጥሽ፣ እኔ ነበርኩ መጻፍ የነበረብኝ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ምክሩ ይገለበጣል፤ አትክልቱ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚባሉትን ኪኒኖች የሚወስድም ፖታሲየም ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ። የከዚራ ልጅ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የኩላሊት ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነ ጠይቂ።

መጠኑ ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ተደምሮ በቀን 400 ግራም ነው። ድንች በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ስትለኪያቸው አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ ጀርባቸውን ይደገፉ፣ ከቡና በኋላ ወዲያው አይሁን። ከባጃጅ ወርደው እያለከለኩ የተለኩት ቁጥር አያስተማምንም።

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)

ከ12 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ዛሬ 146 በ90! ጨው እሽጉ ላይ ቀን ጽፌያለሁ። ካሮት ያለበትን ሩዝ «ዛሬ ለማን ድግስ ነው?» ብላ በልታዋለች። ጎመን አሁንም እምቢ። ነጭ ሽንኩርቱን ትውጣለች፣ ግን ኪኒኑንም አብራ ትወስዳለች፣ እሱን ተስማምተናል።

የሳቢያን ነርስ

እሰይ! አብዛኛው የኪኒኑ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ለካሮቱ ብቻ አትስጪው። ወረደ ብለው እንዳያቆሙ ብቻ።

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)

እሺ። ከፊራ ነጋዴ፣ በስባሱ ሲያልቅ እማዬ ራሷ «ያቺን ነገር ድገሚ» ብላለች። ቅዳሜ ልመጣ ነው፣ የት ጋ ነሽ?

ከፊራ ነጋዴ

ሎሚ የሚሸጡት ጋ ስትደርሺ ቢጫ ጃንጥላ ታያለሽ። ከሁለት ሰዓት በፊት ነይ፣ ድንብላሉ ያልቅብሻል።