«ሺ ሃድ ዘ ጎል» ሲሉ ማድነቃቸው ነው ወይስ መዝለፋቸው?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ልብስ ስፌት ላይ ነው። የመውሊድ ዕለት ዘመዶቼ ጀማ ንጉሥ ሲሄዱ እኔ ሥራ ገብቼ ዋልኩ። ደመወዝ ሲገባ ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ተቆጥሯል። ዝም ማለት አልሆነልኝም፣ ለውጭ አገሩ ኃላፊ በጽሑፍ ጠየቅሁት። እሱ ለሌላ ኃላፊ የጻፈው ነገር ለእኔም ደረሰኝ፤ በእንግሊዝኛ «ሺ ሃድ ዘ ጎል ቱ አስክ» (ለመጠየቅ «ጎል» ነበራት) ይላል። መዝገበ ቃላት ባይ «ጎል» ሐሞት ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደስ አላት። «ሐሞተ ኮስታራ ናት ማለቱ ነው፤ አብሽሪ፣ አድንቆሽ ነው» አለችኝ። እኔን ግን አጻጻፉ አላማረኝም። መልስ ከመጻፌ በፊት በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ማለቱ ነው?

መምህር ከደሴ፦
እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። አላደነቀሽም።

«ጎል» (የኳሱ ሌላ ነው) ከጥንት ሐሞት ነው፤ ጉበት የሚያመነጨው መራራ ፈሳሽ። ከመራራነቱ ተነስተው ለምሬትና ለቂም ተጠቀሙበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አሜሪካኖች ለዓይን አውጣነት ያውሉት ጀመር። ዛሬ «ሃድ ዘ ጎል ቱ» ብሎ የጀመረ ሰው «ጭራሽ ይህን ትጠይቀኝ!» እያለ ነው።

ለእኛ ሐሞት የጀግና ነው። ጓደኛሽ ያንን ይዛ ነው የተረጎመችው። በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚቀርበው «ነርቭ» ነው። አንድ ሰው ነርቩን አጣ ካሉ ሐሞቱ ፈሰሰ እንደማለት ነው። ይኸው «ነርቭ» ግን ለዘለፋም ይውላል፤ የሚለየው የተናጋሪው ድምፅና ጉዳዩ ነው። «ኦዳሲቲ» የሚባለውም ብቻውን ሲቆም ሊያስመሰግንም ሊያስነቅፍም ይችላል። «ጎል» በዚህ አነጋገር ምስጋና አይሆንም። ተማሪዎቼ ሦስቱንም «ድፍረት» ብለው ያልፏቸዋል። ይህ ያሳስበኛል፤ ሰው ልዩነቱን ካላወቀ ተዘልፎ አመሰግናለሁ ይላል።

የሐይቅ ልጅ፦
እኔ ሌላ ጎል አውቃለሁ። ኮርቻ ወይም ጭነት የፈተገው የበቅሎ ጀርባ ሲቆስል፣ ገጣባ የምንለውን፣ በእንግሊዝኛ እሱንም ጎል ይሉታል። የእንስሳት ጤና ሥልጠና ላይ ነው የሰማሁት። መምህር፣ ያው ቃል ነው?

መምህር ከደሴ፦
ጥሩ አነሳህ። መዝገበ ቃላት ለየብቻ ያሰፍሯቸዋል። የሚያንገበግብ ነገርን «ጎሊንግ» የሚሉት ከቁስሉ ወስደው ነው።

እትዬ ከቦሩ ሜዳ፦
ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛውን ለመምህር ትቻለሁ። የሰው ኃይል ክፍል ብዙ ዘመን ሠርቻለሁና ይህን ልንገርሽ። ወንድ ሲጠይቅ «ቆፍጣና ነው» ይባላል፣ ሴት ስትጠይቅ «ምን ያለች ደፋር ናት» ይባላል። በአማርኛም ሲባል ኖሯል፣ አዲስ አይደለም። አንቺ የጠየቅሽው ችሮታ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ለሠራሽበት ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዝሽ 2 እጥፍ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓት ከሆነ 2.5 እጥፍ ነው። መውሊድ ደግሞ የሕዝብ በዓል ነው። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ጽፈሽ ያዢ።

የኮምቦልቻዋ፦
እትዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሰዓቱ በፊርማ መዝገቡ ላይ አለ። ስለ «ጎል» አንድም ነገር አላነሳበትም፤ የአዋጁን ቁጥርና ሰዓቴን ብቻ እጽፋለሁ። አብረውኝ የገቡት ልጆችም ስማቸውን እንድጨምር ነግረውኛል። መምህር፣ እንግሊዝኛውን ቢያዩልኝ?

መምህር ከደሴ፦
በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ። ብቻ «ስለ ድፍረቴ ይቅርታ» ብለሽ እንዳትጀምሪ።